ሰው የረገጠው እንጨት

ጁን 3፣ ማክሰኞ

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ጽሕፈቴ አያምርም። ቢሆንም ነገር ሲበዛ ሰው ይረሳል፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ፊት የምቆምበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን «መቼ ነው? ማን ምን አለ?» ሲሉኝ ከኪሴ አውጥቼ እንዳነብላቸው ነው የምጽፈው።

ዛሬ ልጄ ራዚያና ባሏ ሙዘሚል በጭነት መኪና እንጨት አምጥተው ሳሎኔ ውስጥ ቆለሉት። አልጠየቁኝም። ማለቴ ጠይቀውኛል፣ ግን እንጨቱ ከተጫነ በኋላ ነው። የበሰበሰውን ወለል ነቅለው በዚህ ሊተኩት ነው። ሜፕል ይባላል፤ የፈረንጅ አገር ዛፍ ነው አሉ። መሃል ከተማ የፈረሰ ትምህርት ቤት ነበረ፣ የእሱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ነው።

«ታዲያ ሰው የረገጠው ነዋ» አልኩት።

«አባ፣ ወለል እኮ ነው» አለኝ ሙዘሚል። «ደግሞ አሮጌ ሲሆን ጥሩ ነው። ደርቆ ያለቀለት ስለሆነ አይጣመምም።»

አፉ ፈጣን ነው። ሰሊማ፣ አላህ ይዘንላት፣ ልጃችንን ስንድርለት «አፉ ይፈጥናል፣ ልቡ ግን ደህና ነው» ብላኝ ነበር። ስለ ልቡ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ቤቱ የእኔ ነው። ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍ። እዚህ የስደት አገር፣ ትሮይቪል ሰፈር ውስጥ ስንቱ ያገሬ ሰው በአንድ ክፍል ከነልጆቹ ታጭቆ ሲኖር እኔ ጂፒ ገበያ ላይ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ሸጬ ካርታ ያለው ቤት ገዛሁ። ሚስቴ የሞተችው እዚህ ነው። እኔም ከዚህ የምወጣው አንዴ ነው።

ጁን 5፣ ሐሙስ

እንጨቱ እንደተቆለለ ነው። ለምን አትጀምሩም አልኳቸው። የቤቱን አየር እስኪለምድ ይቀመጣል አሉኝ። እንጨት ሙሽራ ነው እንዴ፣ ቤት የሚለምደው?

የራዚያ ሱቅ ጠቧታል፤ ይህን አውቃለሁ። ዛሬ እንጨት፣ ነገ ካርቶን። ቤቴን መጋዘን ሊያደርጉት ይሆናል።

በቁልሉ ሁለቴ ጉልበቴን ተመታሁ። ቦታውን እየለዋወጡት ይመስለኛል።

ጁን 8፣ እሑድ

ትናንት ዐረፋን እነራዚያ ቤት አሳለፍን። አምስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ደረጃው ላይ ሰው ሁሉ እያየ ክንዴን ያዘችኝ፤ አስለቀቅኳት። በመብራቱ በኩል ባለቤቱ ይቆጥባል መሰለኝ፣ ደረጃው ጭል ጭል ይላል። የዚህ ከተማ አምፖል ሁሉ የማይረባ ሆነ። የእኔንም ቤት አምፖል ራዚያ ቀይራዋለች፤ አልቀየርኩም ትላለች።

ከምግብ በኋላ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት ወራቤ ካለው ወንድሟ ከሱፊያን ጋር በስልክ ታወራ ነበር። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ቤቱን እንዳለ መተው አይቻልም… ዘንድሮውኑ ነው መሠራት ያለበት… ኧረ እሱማ አይነገረውም፣ ታውቀው የለ?»

ተመልከቱ። እኔ አይነገረኝም።

ባለፈው ወርም እንዲሁ ነበር። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሰውዬው ዓይኔ ላይ አየር ነፋብኝ፣ በባትሪ አበራብኝ፣ ከዚያ ከእሷ ጋር በእንግሊዝኛ አወራ። ዓይኑ የእኔ፣ ወሬው የእነሱ። የሰጡኝ ጠብታ ያቃጥላል። ትቼዋለሁ። ራዚያ ስትጠይቀኝ አዎ እላታለሁ።

ጁን 15፣ እሑድ

ወዳጄ ሽጉጤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መጣ። የከምባታ ሰው ነው፣ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው። እዚህ አገር የገባን ጊዜ አንድ ፍራሽ ላይ ነው የተኛነው። ቁልሉን አይቶ ሳቀ።

«ሸረፋ፣ ሬሳ ሣጥን ልታሠራ ነው? ለአንተ አራት ሳንቃ ይበቃሃል።»

«እኛ በሣጥን አንቀበርም። ለአንተ ነው ያስቀመጥኩት፣ ሆድህን ለክቼ።»

አንዱን ሳንቃ ገለበጠ። ከጀርባው በጠመኔ ቁጥር አለ። ሌላውን ገለበጠ፤ እሱም ላይ አለ። እኔ አላየሁትም ነበር፤ ማን የሳንቃ ጀርባ ያያል? ወደ በረንዳው ፀሐይ አውጥቼ ሳጠጋው እውነትም ቁጥር ነው።

«ምን ያደርግላቸዋል?» አልኩት።

«የክፍል ቁጥር ነዋ» አለ። «አንድ ቁጥር ሸረፋ፣ ሁለት ቁጥር ናይጄሪያዊው፣ ሦስት ቁጥር ፀጉር ቤት።»

ለቀልድ ነው ያለው። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ቀልዱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ጁን 20፣ ጁማ

ከሶላት በኋላ ኢማሙን ጠየቅኳቸው። የዚህ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ጭፈራም ይኖራል፣ ግማሽ ራቁታቸውን የሚሯሯጡም አሉ፤ በዚያ እንጨት ላይ ይሰገዳል ወይ? አልኩ። «እንጨት ኃጢአት የለበትም፣ ንጹሕ ከሆነ ስገድበት» አሉኝ። ቶሎ ነው የመለሱት። ራዚያ ቀድማ ደውላላቸው ይሆናል።

ጁን 27

ዛሬ ሥራ ተጀመረ። አቧራ። በረንዳ ላይ ነኝ።

ሠሪው ቺሶሞ የሚባል የማላዊ ሰው ነው። «ማዳላ» ይለኛል፣ ሽማግሌው ማለት ነው። ራዚያ ሥራው እስኪያልቅ እኛ ጋ ሁን አለች። ወጥቼ ቁልፉ ቢቀየርስ? አልሄድኩም። ክፍል በክፍል ሥሩ፣ እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ አልኳቸው። 

ጁላይ 4፣ ጁማ

የአሮጌው ወለል ግማሽ አፈር ሆኗል። በእጄ ሲያስነኩኝ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ይህን ያህልስ እውነታቸውን ነው።

ቺሶሞ እየተንበረከከ የአንዱን ሳንቃ ምላስ የሚመስል ጠርዝ በሌላው ቦይ ያስገባል፣ በመዶሻ ቀስ ብሎ ይመታዋል። ሙዘሚል ቁጥሩን እያነበበ ያቀብለዋል። አንዱን ካቀበለ በኋላ «አይ፣ እሱ አይደለም» ብሎ ያስነቅለዋል። ወለል ማንጠፍ ይህን ያህል ምስጢር አለው? እኔ ስጠጋ ዝም ይላሉ።

ጁላይ 11፣ ጁማ

አለቀ።

ያየሁትን ልጻፍ። ወለሉ ነጣ ያለ ነው፣ የወተት ዓይነት። አዳራሽ በነበረ ጊዜ የጨዋታ መስመሮች ነበሩበት፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ሌላውን ሁሉ ፍቀው አጥፍተውታል። ቀዩን ብቻ ተዉት። ስፋቱ አራት ጣት ይሆናል። ሲነጥፉትም ሳንቃውን በጠመኔው ቁጥር እየመረጡ አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ አገጣጥመውታል። ከመኝታ ቤቴ ይነሣል፣ በኮሪደሩ ይሄዳል፣ ሳሎን ገብቶ ይታጠፋል፣ አንዱ ጫፍ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ አንዱ በምሰግድበት በኩል ወደ ውጭው በር።

«ይኼ ምንድነው?» አልኩ።

ራዚያ ባሏን አየች። ባሏ እሷን አየ።

«ለውበት ነው አባ» አለች። «እንዲህ ነው አሁን የሚሠራው። ዓይነ ግቡ ነው፣ አይደል?»

«ዓይን ይወጋል» አልኳት።

ይህን ለሽማግሌዎቹ አስረዳለሁ። ጂፒ ላይ መጀመሪያ ሱቅ ስከራይ ሱቅ አልነበረም፣ ባዶ አዳራሽ ነበር። የሕንፃው ሰው መጣና መሬት ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። «ከዚህ ወዲህ ያንተ ነው» አለኝ። በማግሥቱ በመስመሩ ላይ የቺፑድ ጣውላ ቆመ፣ በሦስተኛው ቀን በር፣ ከዚያ ቁልፍ። አንዱ አዳራሽ አሥራ ምናምን ሱቅ ሆነ። በዚህ ከተማ ቤት የሚከፋፈለው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ቀጥሎ የማላውቀው ሰው በቤቴ ሲገባ ሲወጣ። እኔን ደግሞ ወደ ወራቤ፣ ሱፊያን ጓሮ።

ለውበት ነው ትለኛለች። እኔ ሸረፈዲን መስመር የማላውቅ መስሏት።

ጁላይ 13፣ እሑድ

ሽጉጤ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ መስመሩን በካልሲው ተከትሎ እስከ መታጠቢያ ቤት ሄደና ተመለሰ።

«ኳስ ሜዳ ሠርተውልሃል። አንተ የየትኛው ቡድን ነህ?»

«የባለቤቱ።»

«ታዲያ ተጠንቀቅ፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።»

ቺፑዱን ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። ጢሙን እያሻሸ «ራዚያ እንኳ እንዲህ አታደርግም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ገንዘብ ግን ሰው ይቀይራል» አለ። ሁለቱንም ብሏል፤ ሁለቱንም ጻፍኩ።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ

የዘንድሮ እስክሪብቶ ቀለሙ ውሃ ነው። ሦስተኛ ገዛሁ። አሁን ካርቶን ላይ በሚጻፍበት ወፍራሙ ማርከር ነው የምጽፈው፤ ገጹ ቶሎ ያልቃል። የምጽፈውም ረፋድ ላይ በረንዳው ፀሐይ ሲያገኝ ነው።

ከዚህ ጋር የማይገናኝ ነገር፦ ጉልበቴ ድኗል። ወለሉ ከተሠራ ወዲህ ከምንም ነገር አልተጋጨሁም። ብርዱ ቀነስ ስላለ ይሆናል።

ራዚያ ስትመጣ አረማመዴን ታያለች። ቁጭ ብላ እግሬን ነው የምታየው። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረኝ እየገመተች ነው?

ጁላይ 24፣ ሐሙስ

ሙዘሚል ሜትር ይዞ መጣ። ኮሪደሩን ለካ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር እስከ ግድግዳው ለካ፣ ስልኩ ላይ ጻፈ። «ምን ልታቆም ነው?» ስለው «አንዲት የብረት መያዣ» አለ። የምን መያዣ? ሰው በሳሎኑ ብረት ይይዛል? ቺፑዱ የሚያያዝበት ብረት ነው።

በቃ።

ጁላይ 28፣ ሰኞ

ሁለቱም ዕቃ ለማምጣት ደርባን ሄዱ። ለቺሶሞ ደወልኩ።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

መጣ፣ ከነማሽኑ። መስመሩን አሳየሁትና አጥፋልኝ አልኩት። ቆመ።

በዚህ አገር ቋንቋ እንደምንም ነው የምንግባባው። «እመቤቷ ታውቃለች?» አለኝ።

«ቤቱ የማን ነው?»

«ያንተ ነው ማዳላ።»

«እንግዲያው ፋቅ።»

አሁንም ቆመ። መስመሩን አሳየኝ፣ ከዚያ የራሱን ዓይን በጣቱ ነካ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እንዳልገባኝም ነገርኩት። ፋቀ። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ሲጮህ ዋለ፣ ቀይ አቧራ ከበር ወጣ። ሲሄድ «ይቅርታ ማዳላ» አለኝ። ለምን ይቅርታ ይለኛል? የከፈልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወለሉ ንጹሕ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንም የለበትም።

ጁላይ 30

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቶ አልነበረም። ጠርዙ ቅንድቤን መታኝ። ትንሽ ደም። በሩን ማን እንደተወው አላህ ያውቃል፣ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጁላይ 31

ለዱሁር ሶላት ውዱእ ላደርግ ወጥቼ ራሴን ማድ ቤት አገኘሁት። የጋለው ምድጃ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ማርከሩን በግራ እጄ ይዤ ነው የምጽፈው።

ወለሉ በጣም ነጭ ነው። ግድግዳውም ነጭ ነው። እንዲህ ነጭ ማድረግ ምን ይባላል?

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

ከደርባን ተመለሱ። ራዚያ በሩ ላይ ቆመች። ቅንድቤን አየች፣ መዳፌን አየች፣ ወለሉን አየች። ዕቃዋን አላስቀመጠችም።

«መስመሩን ማን አጠፋው?»

«እኔ። ቤቴ ነው።»

«ለምን አባ?»

ነገርኳት። ስልኩንም፣ ቁጥሩንም፣ ሜትሩንም፣ ቺፑዱንም አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሽማግሌ ፊት ልናገር ያዘጋጀሁትን። ደብተሩ ከኪሴ አልወጣም፣ በቃሌ ነው የምችለው። ሙዘሚል ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስጨርስ ራዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«መስመሩ ከየት ነበር የሚነሣው?»

«ከመኝታ ቤቴ።»

«ከመኝታ ቤትህ ከየቱ ጋ?»

«ከአልጋዬ።»

«ከአልጋህ ተነሥቶ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ ወደምትሰግድበት፣ ከዚያ ወደ በር። የትኛው ተከራይ ነው ግድግዳው ከአንተ አልጋ የሚጀምርለት?»

 

ቀጥላ ሁሉንም አወጣችው። ሐኪሙ ያለቀው የዓይን ብርሃን አይመለስም ብሏል፤ የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ነው፤ ብቻዬን መኖሬም አልወደደም። ሱፊያን ወደ አገር ላኩት ብሏል። እሷ እምቢ ብላለች። «ከዚያ ቤት ካወጣችሁት አንድ ክረምት አይከርምም አልኳቸው። ሐኪሙ በነጭ ወለል ላይ ደማቅ ቀለም ያያል ስላለኝ ነው ሙዘሚል ከተማውን ዞሮ ይህን እንጨት የፈለገው። በገዛ ቤትህ ማንም ሳይመራህ እንድትሄድ። አሁን ለሱፊያን ምን ልበለው? ቅንድቡን ፈነከተ፣ እጁን አቃጠለ ልበለው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ሙዘሚል ከመሬት ሆኖ «ዓይኔ እንደ ንስር ነው ይሉ ነበር» አለ። አፉ ፈጣን ነው ብያለሁ።

ከዚያ ለጊዜው ወደ እነሱ ቤት እንድሄድ ለመነችኝ። አምስተኛ ፎቅ። እስከ ጁማ ስጪኝ አልኳት።

ኦገስት 3፣ እሑድ

በረንዳ ላይ ነኝ። ስለ ዓይኔ የሚጻፍ ነገር የለም። ዕድሜ ነው፣ ሁሉም ሰው ያረጃል።

ጠብታው ያን ያህልም አያቃጥልም።

ኦገስት 6፣ ረቡዕ

ቺሶሞን ጠራሁት። ቀይ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ማጣበቂያ ፕላስተር ይዞ መጣ። ቤቱ ራሰ በራ መስሏል፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል አልኩት። አልሳቀም፤ ደህና ሰው ነው።

ያሰበው በሜትር ለክቶ፣ ገመድ ወጥሮ፣ ቀጥ ያለ መስመር ሊቀባ ነው። ተው አልኩት። ጫማዬን አውልቄ ከአልጋዬ ተነሣሁ። «እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ከኋላዬ ምልክት አድርግ» አልኩት። ዓይኔንም ጨፈንኩ፤ ክፍት መሆኑ እያደናገረኝ ስለነበር። እግሬ ይህን ቤት ከማንም ሙዘሚል በላይ ያውቀዋል። ኮሪደሩን ሄድኩ፣ ሳሎን ገባሁ፣ ታጠፍኩ፣ ከምንም ሳልጋጭ መታጠቢያ ቤቱ በር ደረስኩ። ከዚያ ወደምሰግድበት፣ ከዚያ ወደ ውጭው በር። ቺሶሞ ተንበርክኮ እየተከተለ ጠመኔ ያደርጋል። ከዚያ ቀባው።

ኦገስት 8፣ ጁማ

ሊወስዱኝ መጡ። በሩን ራሴ ከፈትኩላቸው፣ አሰላማለይኩም አልኩ፣ ዞሬ በመስመሩ ላይ እስከ ሳሎን መራኋቸው። በመጣሁበትም ተመለስኩ። ራዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሙዘሚል ግን አጎንብሶ መስመሩን ያይ ነበር። «ጠማማ ነው» አለ። «እዚህ ሳሎኑ መሃል ላይ ለምን ዞረ? ምንም የለበትም እኮ፣ ባዶ ቦታ ነው። ላቃናው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

እኔም እስካሁን አላወቅኩም ነበር። እግሬ ነው የዞረው።

ራዚያ ባዶው ቦታ ላይ ቆመች። «ተወው» አለችው። «የእማ ወንበር ነበረ እዚህ። ታማ የምትቀመጥበት።»

 ወንበሩን ከቀብሯ በኋላ ለመስጊድ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ አልወሰዱኝም። ሱፊያን ደውሎ ነበር፤ ራዚያ «እያየሁት ነው፣ ብቻውን ይራመዳል» ስትለው ሰማሁ። የብረት መያዣውን ሙዘሚል መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዲያቆም ፈቀድኩለት፤ ለእንግዳ ይጠቅማል።

ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ነው ያዘዝኳቸው። «ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ያን የወንበሩን መታጠፊያ ማንም እንዳይረግጠው» አልኳቸው።